በሥራ ቦታ ለእርሳስ መጋለጥና የሰውነት ሚዛን፦ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የጤና ባለሙያው ሊያውቀው የሚገባ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን እያገናኘ ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች መግቢያና መውጫ የመኪና ጋራዦች፣ ባትሪ ቤቶች፣ የራዲያተር በያጆችና የመኪና ቀለም ቀቢዎች ተጠጋግተው ይገኛሉ። በርካታ ወጣቶች ሙያ የሚማሩትና ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በእነዚሁ የሥራ ቦታዎች ነው። ይሁን እንጂ ከሥራው ጋር በዓይን የማይታይ አንድ ጉዳት አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ይኸውም በእርሳስ (ሌድ) መመረዝ ነው።

እዚህ ላይ እርሳስ ሲባል ለጽሕፈት የምንገለገልበት መሣሪያ ማለት አለመሆኑን ማስገንዘብ ያስፈልጋል። የጽሕፈት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚነሳው ግን በባትሪ፣ በአሮጌ ቀለምና በብየዳ ውስጥ የሚገኘው ከባዱና ለስላሳው ብረት ነው።

በእርሳስ መመረዝ ሲነሳ አብዛኛው የጤና ባለሙያ ከትምህርት ቤት የሚያስታውሰው የሆድ ቁርጠትን፣ የደም ማነስን፣ የድድ ላይ ጥቁር መስመርንና የእጅ አንጓ መልፈስፈስን ነው። እነዚህ ምልክቶች ግን የሚታዩት ብዙውን ጊዜ መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ ሠራተኛው ጤነኛ ነኝ በሚልበት ጊዜ፣ ቀጥ ብሎ የመቆም ችሎታው ቀስ በቀስ ሊዳከም ይችላል። መኪና ጣሪያ ላይ ለሚወጣ፣ በመሰላል ለሚሠራ ወይም በሞተር ብስክሌት ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የወደቀ ሠራተኛ ስብራቱ ታክሞ ሲሄድ፣ ለምን እንደ ወደቀ ሳይጠየቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእርሳስንና የሰውነት ሚዛንን ግንኙነት ማብራራት፣ እንዲሁም የደም እርሳስ ምርመራ በቅርብ በማይገኝበት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ በጥያቄና በቀላል አካላዊ ምርመራ ምን ማድረግ እንደሚችል ማመልከት ነው።

እርሳስ በየትኞቹ ሥራዎች ይገኛል?

ቀዳሚው ምንጭ የመኪና ባትሪ ነው። በተለምዶ የምንጠቀምበት የአሲድ ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስና የእርሳስ ውሁድ ነው። ባትሪ መሙላት ብቻውን ያለው አደጋ በዋናነት ከአሲዱና ከሚወጣው ጋዝ ጋር የተያያዘ ነው። ባትሪው ተከፍቶ ሳህኖቹ ሲወጡ፣ ሲፋቁና ሲለወጡ፣ እንዲሁም የተበላው ጫፍ እርሳስ ቀልጦ እንደ ገና ሲፈስስለት ግን መጋለጡ እጅግ ይጨምራል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚቀልጥ በመሆኑ በከሰል ምድጃ ላይ በቀላሉ ይቀልጣል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የሚወጣው ጭስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው አመድ መሰል ዝቃጭ ደግሞ ሲደርቅ ብናኝ ይሆናል።

ሁለተኛው ምንጭ ቀለም ነው። አሮጌ የመኪና ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ወይም በእሳት ሲለበለብ፣ አዲሱም ቀለም ያለ ጭምብል ሲረጭ ሠራተኛው ብናኙን ይተነፍሳል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ወደፊት የሚመረተውንና የሚገባውን ቀለም የሚመለከት በመሆኑ ግን ከዚያ በፊት በመኪናዎች፣ በበርና በመስኮት ብረቶች ላይ የተቀባው ቀለም በሚፋቅበት ጊዜ የሚያስከትለውን አደጋ አያስወግድም።

ሦስተኛው ምንጭ ራዲያተርና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል መበየድ ሲሆን፣ ቀለም የተቀባ ብረት መቁረጥና መበየድ፣ አሮጌ ብረታ ብረት መሰብሰብና የቧንቧ ሥራም በዚሁ ረድፍ ይጠቀሳሉ።

በአንጻሩ ቤንዚን እንደ ቀድሞው የእርሳስ ምንጭ መሆኑ ቀርቷል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ በደረሱበት ስምምነት መሠረት እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ እርሳስ ከተጨመረበት ቤንዚን ወጥተዋል። በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስትሆን፣ ሽያጩን ያቆመችው በ2021 ነው። ሆኖም ቀደም ባሉት ዓመታት ለረጅም ጊዜ በጋራዥ የሠሩ ሰዎች በአጥንታቸው ያከማቹት እርሳስ ዛሬም አብሯቸው ይኖራል።

ወደ ሰውነት እንዴት ይገባል?

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው፤ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የደረሰ ደቃቅ ብናኝና ጭስ በአብዛኛው ወደ ደም ያልፋል። ሁለተኛው አፍ ነው። አዋቂ ሰው ከምግብ ጋር ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ደም የሚገባው አንድ አሥረኛ ያህሉ ሲሆን፣ ሕፃናት ግን እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ሊወስዱ ይችላሉ። ሆድ ባዶ ሲሆን የአዋቂውም መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የብረት ማዕድንና የካልሲየም እጥረት ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይወስዳል።

ይህ እውነታ ለአገራችን የኑሮ ሁኔታ የተለየ ትርጉም አለው። እንጀራ በእጅ ይበላል፤ ጉርሻም በእጅ ይሰጣል። ሠራተኛው ግሪሱን በቤንዚን አብሶ ወይም በጨርቅ ጠርጎ ለምሳ ከተቀመጠ የጥፍሩ ሥር ብናኝ ከምግቡ ጋር ይገባል። ሥራ ቦታ ላይ ሲጋራ ማጨስና ጫት መቃምም እጅን ደጋግሞ ወደ አፍ የሚያመጡ ልማዶች ናቸው። በጾም ወቅት እስከ ቀትር በኋላ ሳይበላ የሚሠራ ሰው በባዶ ሆዱ የዋጠው ብናኝ በቀላሉ ወደ ደሙ ያልፋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጾምን ስለ መተው ሳይሆን፣ በጾም ጊዜ እጅንና ፊትን ደጋግሞ በሳሙና ስለ መታጠብ፣ ብሎንና ሽቦ በጥርስ አለመያዝን ስለ መልመድ ነው።

ወደ ደም የገባው እርሳስ በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ከአንድ ወር ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የተወሰነው በሽንት ሲወጣ ቀሪው ወደ አጥንት ይገባል። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የተከማቸው በአጥንት ሲሆን፣ በዚያም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በእርግዝና፣ ጡት በማጥባት፣ በእርጅና ወይም ከስብራት በኋላ ለረጅም ጊዜ በመተኛት ምክንያት አጥንት ሲሳሳ የተከማቸው እንደ ገና ወደ ደም ይመለሳል። ስለሆነም የደም ምርመራ የሚያሳየው በዋናነት የቅርብ ጊዜውን መጋለጥ ነው።

የሰውነት ሚዛን እንዴት ይጠበቃል? እርሳስስ ምን ያደርጋል?

ቆሞ የሚገኝ ሰው ፈጽሞ ጸጥ ብሎ አይቆምም፤ ሳያውቀው በጥቂቱ ይወዛወዛል። ይህን ውዝዋዜ በልክ የሚይዙት ሦስት የመረጃ ምንጮች ናቸው፦ ዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገኘው የሚዛን ክፍል (ቬስቲቡላር)፣ እንዲሁም ከእግር ጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጥ እግር ቆዳ ስለ አካል አቀማመጥ የሚመጣው ስሜት ናቸው። ትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) ከሦስቱ የሚደርሰውን መረጃ እያስተባበረ የጡንቻዎችን ሥራ ያስተካክላል። ከሦስቱ አንዱ ሲዳከም ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። በዚህም ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሰው በቀን ብርሃን፣ በደልዳላ መሬት ላይ ምንም ሳይታወቅበት ሊራመድ ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው በጨለማ፣ በወጣ ገባ መሬት ወይም ዓይኑን ሲጨፍን ነው።

እርሳስ ሥርዓቱን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይጎዳዋል። በኬሚካዊ ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ካልሲየም በሚገባባቸው በሮች ገብቶ በነርቭ ጫፎች ላይ የመልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን መለቀቅ ያዛባል። በትንሹ አንጎል የሚገኙት ፑርኪንጄ የተባሉት ታላላቅ የነርቭ ሕዋሳት ለጉዳቱ ተጋላጭ ናቸው። ከዚህም በላይ በእጅና በእግር ነርቮች ውስጥ የሚያልፈውን መልእክት ስለሚያዘገየው ከእግር የሚመጣው ስሜትም ሆነ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ይደክማል። የመስማትና የሚዛን ነርቭ መንገዶችም ከጉዳቱ ነፃ አይደሉም። በሌላ በኩል ሂሞግሎቢን በሚሠራበት ሂደት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችን በመግታት የደም ማነስን ያስከትላል፤ ይህም ድካምንና ራስ ማዞርን በማምጣት የሚዛኑን ችግር ያባብሰዋል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

የሰውነትን ውዝዋዜ በመሣሪያ መለካት የሚቻለው ሰውዬውን የኃይል መለኪያ ባለው ሰሌዳ ላይ በማቆም ነው። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ዘዴ ሕፃናትን ሲያጠኑ በደማቸው ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች ይበልጥ እንደሚወዛወዙ አስተውለዋል። በ1994 የሲንጋፖር ተመራማሪዎች ለእርሳስ የተጋለጡ ሠራተኞችን ካልተጋለጡት ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ሠራተኞቹ ዓይናቸውን በጨፈኑ ጊዜ ነው። ይህም ዓይን ሌላውን ጉድለት ይሸፍን እንደ ነበር ያመለክታል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በበኩላቸው በቻይና በእርሳስ ሥራ ላይ በነበሩ ወጣት ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት የውዝዋዜውን ፍጥነት በመተንተን ትንሹ አንጎልና ከውስጠኛው ጆሮ ጋር ያለው ግንኙነት ምልክት ሳያሳይ መጎዳቱን ገልጸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሹት ስለ መጠኑ የተደረሰባቸው ግኝቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በ121 የእርሳስ ሠራተኞች ላይ የታተመ የጃፓን ጥናት ሚዛን መዛባት የሚጀምርበትን የደም እርሳስ መጠን ሲያሰላ በዴሲ ሊትር ከ20 ማይክሮ ግራም በታች ሆኖ አግኝቶታል። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1999 እስከ 2004 በተካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ዳሰሳ የተሳተፉ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች መረጃ ተንትኗል። በዚህም በደማቸው ያለው እርሳስ ከሌሎች ከፍ ያለባቸው ሰዎች፣ መጠኑ በጥቂት ማይክሮ ግራም የሚቆጠር ቢሆንም እንኳ፣ ዓይን ጨፍኖ በስፖንጅ ላይ የመቆም ፈተናን የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እነዚህን ግኝቶች ከአገራችን መረጃ ጋር ማስተያየት ይገባል። በጅማ ከተማ 45 የጋራዥ ሠራተኞችን ከ40 የሌላ ሙያ ሰዎች ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሁሉም የጋራዥ ሠራተኞች የደም እርሳስ መጠን ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል። ከመካከላቸው 47 በመቶ የሚሆኑት ከ20 ማይክሮ ግራም በላይ ነበራቸው። የሥራ ዘመን በጨመረ ቁጥር መጠኑም ከፍ ብሏል፤ መጠናቸው ከፍተኛ ከሆነው መካከል አብዛኞቹ ቀለም ቀቢዎች ነበሩ። በዚያው ከተማ በ2014 የታተመ ሌላ ጥናትም በሙያ ባልሠለጠኑ የግንባታ ሠራተኞች ደም ውስጥ ከማነጻጸሪያው ቡድን የበለጠ እርሳስ መኖሩን ገልጿል።

በጅማ ጋራዦች የሚሠራው ሥራ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ከሚሠራው የተለየ አይደለም፤ ቀለሙ፣ ባትሪው፣ የአሠራሩም ልማድ ያው ነው። ከ20 ማይክሮ ግራም በታችም ሚዛን ሊዛባ ከቻለ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር የሚሠራው ወጣት የጉዳቱ ተጠቂ ሊሆን እንደሚችል አስቦ መመርመር የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።

በምርመራ ክፍል

ሀ. የሥራ ታሪክ። በካርድ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ወይም «የግል ሥራ» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። «ከእርሳስ ጋር ትገናኛለህ?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አይጠቅም፤ ሠራተኛው የሚያውቀው ባትሪውንና ቀለሙን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለምና። የተሻለው መንገድ ታካሚው በሚናገረው ቋንቋ፣ በምዕራብ ሸዋ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ በእጁ የሚሠራውን ዝርዝር መጠየቅ ነው፦ ባትሪ ይከፍታል? እርሳስ ያቀልጣል? ቀለም ይፍቃል? ራዲያተር ይበይዳል? ስንት ዓመት ሠራ? የት ይበላል? የሥራ ልብሱን የት ያወልቃል? አብረውት ከሚሠሩት መካከል ተመሳሳይ ሕመም ያለበት አለ? ከዚህ በፊትስ ወድቆ ያውቃል?

ለ. ቅሬታ። ሠራተኛው የሚያነሳው ራስ ማዞርን፣ በምሽት መደናቀፍን፣ ከመሰላል ሲወርድ መንገዳገድን፣ ድካምን፣ የእንቅልፍ መዛባትን፣ የመርሳትንና የመነጫነጭን ችግር ሊሆን ይችላል። የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ያለበት ደግሞ ቀደም ሲል ለጨጓራ፣ ለአሜባ ወይም ለታይፎይድ ደጋግሞ ታክሞ ይሆናል።

ሐ. የሚዛን ምርመራ። ይህ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ የሚያስፈልገውም ሰዓትና ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው የፍራሽ ስፖንጅ ብቻ ነው። መርማሪው ታካሚው ቢወድቅ ለመያዝ አጠገቡ መቆም አለበት። በመጀመሪያ ታካሚው ሲራመድና ሲዞር ይታያል። ቀጥሎ ጫማውን አውልቆ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ለ30 ሰኮንድ ዓይኑን ገልጦ፣ ከዚያም ለ30 ሰኮንድ ጨፍኖ ይቆማል። ይኸው በስፖንጁ ላይ ይደገማል። በመጨረሻም ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያስነካ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ ይሄዳል።

ዓይኑን ገልጦም በደልዳላ ወለል ላይ መቆም የሚያዳግተው ታካሚ በመጀመሪያ የትንሹ አንጎል ችግር ሊጠረጠርበት ይገባል። ዓይኑን ሲጨፍን ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ከእግር የሚመጣው ስሜት ወይም የውስጠኛው ጆሮ ድካም ይታሰባል። በስፖንጅ ላይ ዓይኑን ሲጨፍን ብቻ የሚወድቅ ሰው ደግሞ የውስጠኛው ጆሮ የሚዛን ክፍል ድካም ሊኖርበት ይችላል። ውጤቱ ታካሚው በቆየበት ሰኮንድ ቁጥር በካርድ ላይ ቢመዘገብ ከሦስት ወር በኋላ ለማነጻጸር ይረዳል። ምርመራው አልኮል በተጠጣበት ዕለት መደረግ የለበትም።

ከዚህ ጋር የዓይን ኳስ መርገብገብ፣ ጣትን ከአፍንጫ ማስነካት፣ የንዝረት ስሜት በእግር አውራ ጣት፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይ የማንሳት ኃይል፣ የመስማት ችሎታና የደም ግፊት ይመረመራሉ።

መ. የላቦራቶሪ ምርመራ። ማረጋገጫው የደም እርሳስ መጠን ነው። ይህ ምርመራ ግን በአብዛኞቹ የዞንና የወረዳ ሆስፒታሎች የዕለት ተዕለት አገልግሎት አካል አይደለም። ናሙና መላክ የሚቻል ከሆነ የሠራተኛው ክንድ በሳሙናና በውኃ በደንብ ታጥቦ ደሙ ከደም ሥር መቀዳት አለበት፤ በቆዳ ላይ ያለ ብናኝ ውጤቱን ያዛባልና። በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠሩ የሚችሉት ሂሞግሎቢንና የደም ስሚር ናቸው። በስሚሩ ላይ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሰማያዊ ነጠብጣብ (ባዞፊሊክ ስቲፕሊንግ) መታየቱ ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ አለመታየቱ ግን በእርሳስ አለመመረዝን አያረጋግጥም። የኩላሊት ምርመራም አብሮ ሊደረግ ይገባል።

ሌሎች መንስኤዎችን አለመዘንጋት

የሚዛን መዛባት ሁሉ ከእርሳስ የመጣ አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የሰዎችን ቡድን ከቡድን ያነጻጸሩ በመሆናቸው አንድ ታካሚ በስፖንጅ ላይ ስለ ወደቀ ብቻ በእርሳስ ተመርዟል ማለት አይቻልም። በአካባቢያችን በተለይ ሊታሰቡ ከሚገባቸው መካከል አረቄና ሌሎች አልኮል መጠጦች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች (በተለይ ፊኒቶይን)፣ የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የጆሮ ኢንፌክሽን ይገኙበታል። ቀደም ባሉት ዓመታት ለቲቢ በስትሬፕቶማይሲን የታከመ፣ ወይም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በአሚካሲንና በካናማይሲን የታከመ ሰው የውስጠኛ ጆሮው በመድኃኒቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጓያን አዘውትሮ ከመመገብ የሚመጣው የእግር ሽባነት ደግሞ እግርን የሚያገትር እንጂ ስሜትን የሚያጠፋ ባለመሆኑ በምርመራ ይለያል። በቀለም ርጭት የሚሠራ ሰው ከእርሳሱ በተጨማሪ የሚተነፍሰው ማቅጠኛ (ቲነር) ራሱን የቻለ የማዞር ምክንያት ነው። ይሁንና ሠራተኛው አረቄ የሚጠጣ መሆኑ ብቻ መመርመሩን ሊያስቀር አይገባም፤ ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉና።

ሕክምናና ክትትል

የመጀመሪያውና ዋናው ሕክምና ከምንጩ መለየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ የተገኘበት ማንኛውም ሰው የመጋለጡ ምንጭ ሊታወቅና እርምጃ ሊወሰድ ይገባል። እርሳስን ከደም የሚያወጡ መድኃኒቶች የሚታሰቡት በሕፃናት ከ45 ማይክሮ ግራም ጀምሮ ሲሆን፣ እርጉዝ ባልሆኑ አዋቂዎች ምልክት ባይኖርም 70ና ከዚያ በላይ ሲሆን ይታሰባሉ፤ ከ100 ሲያልፍ ደግሞ አስቸኳይ ይሆናሉ። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ መደናገር ወይም ከባድ የሆድ ቁርጠት ያለበት ታካሚ ያለ መዘግየት ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ አለበት። በዚህ አጋጣሚ በሕክምናው የሚሰጠው ካልሲየም ያለበት ኢዲቲኤ መሆኑንና ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ግን የደም ካልሲየምን አውርዶ ሊገድል እንደሚችል ማስታወስ ተገቢ ነው። መድኃኒት ወስዶ ወደዚያው ጭስ መመለስም ትርጉም የለውም።

አብዛኛው የጋራዥ ሠራተኛ ግን የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን የመጋለጡ መቀነስ ነው። ሚዛኑ የተዛባ ሠራተኛ እስኪሻለው ድረስ ከፍታ ላይ እንዳይወጣ፣ በሞተር ብስክሌት እንዳይጓዝ፣ በምሽትም ብቻውን እንዳይሄድ መምከር ያስፈልጋል። የደም ማነስና የብረት ማዕድን እጥረት ካለ ይታከማል። ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል። መጋለጡ ከቆመ የደሙ መጠን በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ ለብዙ ዓመታት የተጋለጠው ግን ከአጥንቱ እየወጣ ስለሚመለስ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

በሠራተኞች ዘንድ ወተት መጠጣት «መርዙን ያጥባል» የሚል እምነት አለ። ወተት ለምግብነቱ መልካም ነው፤ በውስጡ ያለው ካልሲየምም ከአንጀት የሚገባውን እርሳስ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። በትንፋሽ የገባውን ጭስ ግን አያጥብም፤ የጭምብልንና የሳሙናንም ቦታ አይተካም። ይህን ሲያስረዱ የሠራተኛውን እምነት ሳያንቋሽሹ፣ ወተቱን እየጠጣ እጁንም እንዲታጠብ ማግባባት ይበልጥ ውጤት ያመጣል።

በሥራ ቦታና በቤት

የጤና ባለሙያው ምክር ሠራተኛው ሊፈጽመው የሚችለው መሆን አለበት። «ሥራውን ተው» የተባለ የቤተሰብ ኃላፊ ምክሩን ሰምቶ ወደ ጋራዡ ይመለሳል፤ ዳግመኛም ወደ ጤና ተቋሙ ላይመጣ ይችላል። ከዚህ ይልቅ በትንሽ ወጪ የሚቻሉ እርምጃዎች አሉ፦

– እርሳስ የሚቀልጠው ከቤት ውጪ፣ ነፋስ በሚያገኝበትና ሰው በማይበዛበት ቦታ ይሁን፤
– አሮጌ ቀለም ሲፋቅ በውኃ እየረጠበ እንጂ በደረቁ አይፋቅ፤ ወለሉም በደረቁ አይጠረግ፤
– ለብናኝና ለጭስ የተሠራ ጭምብል ይደረግ፤ ፊት ላይ የሚታሰር ጨርቅ ደቃቅ ብናኝን አያግድም፤
– ከምግብ፣ ከሲጋራና ከጫት በፊት እጅ፣ ጥፍርና ፊት በሳሙና ይታጠቡ፤ በሥራ ቦታም አይበላ፤
– ቱታና ጫማ ከሥራ ቦታ አይውጡ፤ ቱታው ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ፤
– ባትሪ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ አይከፈት።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች ከሁሉ የሚበልጥ ክብደት አላቸው። በሴኔጋል ዳካር አቅራቢያ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለ መንደር ነዋሪዎች አሮጌ ባትሪና እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር በሚሰበስቡበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል። በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚበረታው አንጎላቸው በማደግ ላይ ስለሆነና ብናኝ ካለበት መሬት እጃቸውን ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ ነው። ስለዚህ አባት በእርሳስ መመረዙ የተጠረጠረበት ቤተሰብ ልጆችና ነፍሰ ጡር እናት አብረው ሊታዩ ይገባል። በዚህ ረገድ ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በግቢው ውስጥ የተከፈተ ባትሪ ወይም የተንጠለጠለ የሥራ ቱታ ሲያዩ ሊያስተምሩና ለጤና ጣቢያው ሊያሳውቁ ይችላሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አደጋው እንዲያስተምርና ለጤና ጠንቅ በሆነ ሥራ ላይ ለተሠማሩ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም እውቅና ሰጥቶታል። ለሥራ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜም 15 ዓመት ነው። የጤና ባለሙያው የሥራ ታሪኩንና የምርመራ ውጤቱን በካርድ ላይ በትክክል ካልመዘገበ ግን ሠራተኛው በሕጉ ሊጠቀም የሚችልበት ማስረጃ አይኖረውም። በሌላ በኩል የአንድን ሠራተኛ ውጤት ያለ ፈቃዱ ለአሠሪው መንገር ለመባረር ሊያጋልጠው ስለሚችል ምሥጢር መጠበቅ አለበት። ከአንድ ጋራዥ ሁለትና ሦስት ተመሳሳይ ታካሚዎች ሲገኙ የሰዎቹን ስም ሳይጠቅሱ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ማሳወቅ የተሻለ መንገድ ነው።

ማጠቃለያ

በሥራ ቦታ የሚገኝ እርሳስ የታወቁት ምልክቶች ከመታየታቸው በፊት የሰውነትን ሚዛን ሊያዛባ እንደሚችል ከተለያዩ አገሮች የተገኙ ጥናቶች ያሳያሉ። በጅማ የጋራዥ ሠራተኞች ላይ የተገኘው መጠንም ይህ ጉዳት ከአገራችን ከተሞች የራቀ አለመሆኑን ያመለክታል። ስለሆነም በአምቦም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚሠራ የጤና ባለሙያ ራሱን ያዞረውን፣ የተንገዳገደውን ወይም የወደቀውን ሠራተኛ ሲያክም በእጁ የሚሠራውን ይጠይቅ፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቆም ያድርግ፤ ያገኘውንም ይመዝግብ። ይህን ለማድረግ ስፖንጅ፣ ሰዓትና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ የሚያድነውም አንድ ሠራተኛን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውት የሚኖሩትን ልጆቹንም ጭምር ሊሆን ይችላል።